የማንም ያልሆነው ድምፅ

ካሪስ የእናቷን የልብስ መቀስ በቦርሳዋ ይዛ ወደ ብሪስቶል የሚሄደው ባቡር ላይ ስትወጣ ማንንም ለመውጋት አላሰበችም። ይሄን አስቀድሞ መናገሩ ይሻላል፤ በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፊቷን ያየ ሰው ሌላ ነገር ሊጠረጥር ይችል ነበርና። ትኬት ተቆጣጣሪው «ደህና ነሽ፣ ልጄ?» ብሎ ጠየቃት። «ደህና ነኝ» ስትለው አመላለሷ አስደንግጦት ትኬቷን ሁለት ጊዜ በሳው።

መቀሱን ከመሳቢያ አውጥተው የሰጧት አባቷ ናቸው።

ሚስተር ኤምሊን ዕድሜያቸውን ከሞላ ጎደል ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍሩ ያሳለፉ፣ አሁን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው የዌልስ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ቢከዳቸውም ጆሯቸው አልከዳቸውም። በመንደሩ ፀሎት ቤት መዘምራኑን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ካሪስንም ገና አፏን ስትፈታ ጀምሮ ያሠለጠኗት እሳቸው ናቸው። ድምፅ የፀሎት ቤት ነው፣ ለመጠጥ ቤት አይሸጥም የሚል አቋም ስለነበራቸው ካሪስ ከዚያ ግድግዳ ውጪ ዘፍና አታውቅም። ቢያንስ እሳቸው የሚያውቁት እንደዚያ ነበር።

ማክሰኞ እራት ላይ ሬዲዮኑ «የመስታወት ወፍጮ» የተባለውን ባንድ አዲስ ሥራ ለቀቀ። ያን ሰሞን በአገሩ ፀጉሩን ያስረዘመ ወጣት ሁሉ አፉን የሚፈታው በዚህ ባንድ ስም ነው። አንዱ ዘፈናቸው የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ይይዛል፤ ከበሮው ምት ይቀያይራል፣ ጊታሩ ይጮሃል፣ ከዚያ ሁሉም ጋብ ይልና የሴቶች ዝማሬ የሚመስል ነገር ከሩቅ ይመጣል። ዝማሬው ሲመጣ የሚስተር ኤምሊን ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው» አሉ።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? የሬዲዮ ዘፈን እኮ ነው።»

«ድምፅሽን ከታች አንሸራተሽ ነው የምታነሺው። ቀጥ ብለሽ ግቢበት እያልኩ ከልጅነትሽ ጀምሮ የተጨቃጨቅኩበት ጥፋት ነው። አሁንም ታንሸራትቻለሽ።»

በካሪስ ደረት ውስጥ የተደበቀው ሁሉ ተዘረገፈ። ባለፈው የብርድ ወቅት ባንዱ ከኮረብታው ማዶ ያለውን የእርሻ ቤት ተከራይቶ ሙዚቃውን ሲሠራ፣ እሷ ዳቦ ታደርስላቸው እንደነበር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ክሪስፒን አንድ ቀን መንገድ ላይ ስታንጎራጉር እንደሰማት ተናገረች። በፍቅር መውደቋንም አልደበቀችም። ቀጥላ ስለ ማሽኑ ነገረቻቸው። ሜሎትሮን ይሉታል፤ መልኩ ፒያኖ፣ ሆዱ ግን የቴፕ ክር ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ክር አለው፤ ሲጫኑት ክሩ ይሮጥና የተቀረፀበትን ድምፅ ያሰማል፣ ስምንት ሰከንድ ሲሞላው ያልቃል፣ ጣት ሲነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክሪስፒን በዚያ ክር ላይ የሷን ድምፅ ቀረፀ። በቀዝቃዛው ጎተራ ውስጥ ቆማ አንዱን ድምፅ ይዛ ትቆያለች፤ ሲያልቅ እሱ መጥቶ የአንገት ልብሷን ያስተካክልላትና ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

አባቷ አልተቆጡም። ያስፈራት ይሄ ነው። አርብ ከማዕድን ሠራተኞቹ ንባብ ቤት ሳምንታዊውን የሙዚቃ ጋዜጣ ኮታቸው ውስጥ አጥፈው ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«አንብቢ።»

ጋዜጠኛው ክሪስፒንን በአዲሱ ሥራችሁ ውስጥ የምትሰማው ሴት ማን ናት ብሎ ጠይቆታል። መልሱ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ማንም አይደለችም። ማሽኑ ነው።

ካሪስ ደጋግማ አነበበችው።

«ዘፈንሽ ብዬ አልተቆጣሁም» አሉ አባቷ። «ተደብቀሽ በመዝፈንሽ ተቆጥቻለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ይሄን ግን...» ጣታቸውን ጋዜጣው ላይ ተከሉት። «ልጄን ማንም አይደለችም የሚል ማን ስለሆነ ነው? የቴፕ ክር ነው አይደል ያልሽኝ? ሂጂና ድምፅሽን ይዘሽ ነይ።»

*

አዳራሹ ደረጃ ላይ ስትደርስ የተቀበላት የገዛ ድምፅዋ ነው።

ባንዱ ለማታው ዝግጅት እየተለማመደ ነበር። ድምፅዋ በተዘጋው በር አልፎ እየወጣ፣ እየወረደ፣ ከራሷ ጋር እየተደራረበ ይመጣል። እሷ ግን እዚህ ደጅ፣ የዳቦ ቤት ኮቷን ለብሳ ቆማለች፤ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሰው ከገዛ ጉሮሮው ተባርሮ ደጅ ሲቆም እንዲህ እንደሚያንገበግብ ያን ቀን አወቀች።

በሩን ገፍታ ገባች። መድረኩ ላይ መጀመሪያ ያያት ሂዩጎ ነው፤ የባንዱ ዘፋኝና አዛዥ፣ የዳኛ ልጅ፣ ከክሪስፒን ጋር ከሕፃንነቱ አንስቶ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ። ለረጅሙ ዘፈን የሚያጠልቀውን ትልቅ የሽመላ ራስ ጭንብል በብብቱ ይዟል፤ ከወገቡ በታች ነጭ ላባ ነው።

«እህት፣ በሩ የሚከፈተው ማታ ነው።»

«አድናቂ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ልበል?»

«ማንም። ክሪስፒንን ማንም መጥታለች በለው፤ ያውቀኛል።»

ክሪስፒን ከማሽኑ ጀርባ ቀና አለ። ረጅም ፀጉር፣ የቬልቬት ኮት፣ ያ ካሪስ ስንት ሌሊት በሐሳቧ የሳለችው ቀጭን ፊት። ፊቱ በደስታ ወገግ አለ። አንጀቷን ያሳረረው ደግሞ ይሄ ደስታው ነው፤ ጥፋቱን ያላወቀ ሰው ደስታ። እሷ አገር አቋርጣ እየነደደች መጥታለች፣ እሱ ጥርሱን ያሳያል።

«ካሪሴ! ምነው ሳትነግሪኝ? ጣቢያ ድረስ መጥቼ እቀበልሽ ነበር።»

«ማንን ልትቀበል? ማሽኑን?»

ደስታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። የገባው ወዲያው ነው፤ ይሄንንም አልወደደችለትም።

«ጋዜጣውን አየሽው።»

«አባቴ ናቸው ያዩት። ገዝተው ሳይሆን ንባብ ቤት ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ልጃቸው ማንም እንዳልሆነች አነበቡ።»

«አባትሽ?» ከማሽኑ ጀርባ ወጣ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስማልሽኝ? ጎተራው ውስጥ፣ እጄን ይዘሽ። አባቴ ጆሮ የደረሰ ቀን ዓይኔን አታየውም ብለሽ። እኔ የጠበቅኩት ቃልሽን ነው። ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ አባትሽ ትዝ አሉኝ፤ ካንቺ ላይ እንዲርቅልሽ ብዬ ነው።»

እውነት ነው፣ አስምላዋለች። ንዴቷ ግን መንገዱን አልሳተም።

«ለአባቴ አትንገር ነው ያልኩህ። ለእንግሊዝ አገር ሁሉ የለችም ብለህ ንገር አላልኩህም።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«አንዲት ሰው ናት። ስሟን አልናገርም። ይሄን ማለት ምላስህን ይቆርጠው ነበር? አንዲት ሰው፣ ክሪስፒን። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።»

ከበሮ መቺው ቀስ ብሎ ተነስቶ ወጣ። ባሱን የያዘው ልጅ ተከተለው። ሂዩጎ ብቻ የሽመላ ራሱን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ።

«እሺ፣ መሐላው ነው እንበል» አለች ካሪስ፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ይብስ ያስፈራል። «እናትህ ቤትስ?»

እናቱ ቤት የሆነውን ሁለቱም አልረሱትም። አበባው ሲፈነዳ ወላጆቹ ጋ ይዟት ሄዶ ነበር፤ ግቢው ከካሪስ መንደር ይሰፋል። ካሪስ የሌላ ሰው የሐር ሸሚዝ ተውሳ ለብሳለች። ሻይ ተጠጥቶ ሲያልቅ እናቱ ዓይናቸውን እንኳ ሳያነሱ «እባክሽ ስኒዎቹን ሰብስቢያቸው» አሏት፤ አዲሷ ሠራተኛ መስላቸዋለች። ካሪስ ተነሳች። ትሪውን አንስታ፣ ስኒ በስኒ እየሰበሰበች፣ እማማ፣ ይቺ እኮ የኔ ናት የሚለውን ቃል ጠበቀች። ክሪስፒን ኬኩን ይመለከት ነበር። ትሪውን ተሸክማ እስከ ጓዳ ሄደች። ሲመለሱ መኪና ውስጥ «እናቴ ዓይኗ ደክሟል» አላት፤ እሷም የሆዷን በሆዷ አድርጋ ሳቀች። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

«ያን ቀን ማን አስምሎህ ነበር?» አለችው።

«ማንም» አለ።

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባውና ዓይኑን ጨፈነ።

«ፈርቼ ነው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እናቴን ፈራሁ። ሂዩጎንም ፈራሁ፤ ከአራታችን ውጪ ሰው አይገባም ሲል የዳቦ ቤቷ ልጅ ናት የምትዘምርላችሁ ብዬ መናገር ፈራሁ። መሐላሽ ጥሩ መደበቂያ ሆነልኝ። ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ አባትሽ ትዝ አሉኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት።»

ካሪስ ለውሸት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ውሸት ቢላት መልሱ በአፏ ነበር። እውነቱን ግን ሲነግራት ንዴቷ የሚደገፍበት አጣ፤ ዓይኗ ሊያነባ ሲል ጥርሷን ነከሰችና መለሰችው። እዚህ፣ ላባ በለበሰ ሰው ፊት አታለቅስም።

ላባ የለበሰው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እናንተ፣ ይሄን ነገር ደጅ ብትጨርሱት? ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ነው የሚሞላው። ደግሞ እህት፣ ላስታውስሽ፤ ክሩ የባንዱ ንብረት ነው።»

«ክሩ የባንዱ ነው» አለች ካሪስ። «ትንፋሹ የኔ ነው።»

መቀሱን አወጣች።

«ክሪስፒን፣ ያዛት!» አለ ሂዩጎ።

ክሪስፒን ግን ወደ ማሽኑ ሄዶ ክዳኑን አነሳላት። ክሮቹ ጎን ለጎን ተሰድረው፣ ቡናማ ሆነው፣ በሸማኔ ቤት እንደተወጠረ ድር ታዩ። የብርድ ወቅቷ ሁሉ እዚያ ተዘርግቷል።

«የቱን?» ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። የቱ እንደሆነ ያውቃል።

ከሁሉም ከፍ ያለው ድምፅ ነው። ያን ድምፅ ስትቀርፅ፣ ጎተራው ውስጥ ከማሽኑ ማዶ የቆመው ክሪስፒን ድምፅ እንዳይገባ ብሎ በከንፈሩ ብቻ «ታገቢኛለሽ?» አላት። ልቧ ዘለለ፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ተንቀጠቀጠ። ተበላሽቷል፣ እንደገና እንቅረፀው አለች። እሱ ግን የዓለምን ወርቅ ቢሰጡኝ አልለውጠውም አለ። እዚህም እዚያም ከተማ እየዞረ በረጅሙ ዘፈን ጫፍ ላይ የሚጫነው ያን ቁልፍ ነው። አገባሃለሁ ብላ የተንቀጠቀጠችውን የማያውቃት ሕዝብ ያጨበጭብለታል፤ እሱ ደግሞ ማሽኑ ነው ይላል።

«ሌላውን ውሰዱት፤ ድምፅ ብቻ ነው። ይሄኛው እኔ ነኝ።»

ክሪስፒን ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወጠረላት። «ቁረጪው» አላት። «ይገባሻል።»

ባይወጥርላት በተሻለ። ባይፈቅድላት፣ ቢከላከልላት፣ እጇን ቢይዛት፣ ያኔ መጥላት ይቀላት ነበር። ቆረጠችው። ከታችም ቆረጠችውና ክሩን ጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ ወደ ኋላ ሳታይ በመቀመጫዎቹ መሐል ወጣች። ሂዩጎ ከኋላዋ ምን እያለ እንደጮኸ አልሰማችም። የሰማችው የራሷን ልብ ብቻ ነው፤ የምትፈልገውን አግኝታ ባዶ እጇን የተመለሰች ያህል ይመታል።

*

ደጅ፣ ደረጃው ላይ፣ አባቷ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከኋላዋ በሚቀጥለው ባቡር መጥተዋል፤ ደረጃው ትንፋሻቸውን ቀምቶት ብረቱን ተደግፈዋል።

«አመጣሽው?»

እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። ቡናማው ክር ጣቷ ላይ ተጠምጥሟል።

«ይቺ ብቻ?»

«አንዱን ነው የፈለግኩት። እንሂድ፣ አባባ።»

«የት ነው የምንሄደው? ሁለት መግቢያ ገዝቻለሁ። የቀረው ድምፅሽ እዚያ ውስጥ አለ እኮ፤ ምን እንደሚያደርጉት ልስማ።»

እምቢ ብትል ደረጃውን ብቻቸውን ሊወጡ ነው። እስኪመሽ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የስኒዎቹን ነገር ሳይቀር ነገረቻቸው፤ ሲመሽ አብራቸው ገባች። ፀጉራሞቹ ልጆች ኮትና ከረባት ያደረጉትን ሽማግሌ አይተው መንገድ ለቀቁላቸው። አንዱ «እንኳን ደህና መጡ፣ አባት፤ ከበሮውን ይወዱታል» አላቸው። «እሱን ሲመታ አያለሁ» አሉት ሚስተር ኤምሊን።

ረጅሙ ዘፈን ተጀመረ። ካሪስ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ ተቀመጠች። ከበሮው መጣ፣ ጊታሩ መጣ፣ ሂዩጎ ሽመላውን አጥልቆ ተንጎራደደ፤ ሁሉም ወደዚያ ጫፍ ሲወጣ ይሰማታል። የራሷ ድምፅ ደረጃ በደረጃ እየተከመረ ሄደ። ከዚያ ሁሉም ጋብ አለ፤ ክሪስፒን ጣቱን አነሳና ያን ቁልፍ ተጫነው።

ምንም የለም።

ጣቱን አላነሳም። ሌሎቹ ተያዩ። ሂዩጎ የሽመላውን ራስ አውልቆ እጁን አወናጨፈ፤ ሌላ ነገር ተጫወት ማለቱ ነው። ክሪስፒን በሌላው እጁ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሳበ።

«እዚህ ላይ አንድ ድምፅ ነበረ» አለ። «ማሽኑ ነው ብዬ ለጋዜጣ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነው። የሰው ድምፅ ነው። ካሪስ ትባላለች። የምወዳት ሴት ናት፤ ሳፍርባት ኖሬ ዛሬ በራሴ አፍሬያለሁ። ድምፅዋን መጥታ ወስዳዋለች፣ መብቷ ነው። ይሄ ቦታ ከእንግዲህ ባዶ ነው የሚሆነው።»

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ሳል ያዘው።

ካሪስ ቀና አለች። እሱ እሷ መኖሯን አያውቅም፤ ባቡር ውስጥ ያለች ነው የሚመስለው። ቁልፉን እንደተጫነ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ደስ አላት፣ ከደስታው ጋር ደግሞ ንዴቷ እንደ አዲስ ገነፈለ። እሷ ወጥታ ሳትሄድ፣ እሷ መቀስ ሳትይዝ ይሄን መናገር ምን ነበረበት?

ከጎኗ የአባቷ እጅ ተነሳ። በፀሎት ቤት መዘምራኑን እንደሚያስገቡት፣ መዳፋቸው ተዘርግቶ፣ ሌባ ጣታቸው ትንሽ ወጣ ብሎ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያ እጅ ሲነሳ አየር ትስባለች፤ አሁንም ሳታስበው ሳበች።

እጁ ወረደ።

ተነስታ ድምፅዋን ለቀቀችው። ለይቅርታ አልነበረም። ትሪውን፣ ጋዜጣውን፣ መኪና ውስጥ የሳቀችውን ሳቅ፣ ሁሉንም ጨምራ ነው ያወጣችው። ከታች አላንሸራተተችውም፤ ቀጥ ብላ ገባችበት። አልተንቀጠቀጠም። ከስምንት ሰከንድ አለፈ፣ የማሽኑ ክር አልቆ በሚቆምበት ቦታ አልቆመም፤ ቀጠለ። የሰው አንገት ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ክሪስፒን በጨለማው ውስጥ አያያትም፤ ግን ጣቱን ከሞተው ቁልፍ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ስትጨርስ ተቀመጠች። ሕዝቡ ምን እንዳደረገ፣ ሂዩጎ ምን እንደተናገረ አልሰማችም። አባቷ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ይኸው» አሉ። «ይሄን ነው ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለምንሽ የኖርኩት። መናደድ ነበረብሽ ለካ።»

«አባባ፣ ተዉኝ።»

«እሑድ ሻይ እኛ ቤት ይምጣ። እናቱንም ይዞ።»

«እኔ ገና ይቅር አላልኩትም።»

«ማን ይቅር በይው አለሽ?» አሉ ሚስተር ኤምሊን። «ስኒዎቹን ይሰብስብ ነው ያልኩት። እናቱ እያየች፣ ትሪውን ይዞ እስከ ጓዳ።»

ካሪስ እጇን ጨበጠች። ክሩ መዳፏ ውስጥ ሞቋል። አሁንም እየነደደች ነው፤ ጠዋት ባቡር ላይ የነደደችው ግን በባዕድ ነበር፣ አሁን የምትናደደው በገዛ ሰውዋ ነው።